የደቻቱ ጎርፍና የተራራው ገበሬ

በበጋ ወራት ድሬዳዋን የጎበኘ እንግዳ፣ ከከዚራ ተነሥቶ ወደ መጋላ ሲሻገር፣ ወንዝ መሻገሩን ልብ ሳይል ሊያልፍ ይችላል። ከድልድዩ በታች የሚታየው ውሃ ሳይሆን ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነውና። በአሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ነጋዴ ዕቃውን ይዘረጋበታል፤ ግመልና አህያ ይመላለሱበታል። «ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ይህ ነው» ቢሉት፣ እንግዳው ቀልድ መስሎት ይሥቅ ይሆናል። የድሬዳዋ ሰው ግን አይሥቅም። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ በሌሊት ያን ደረቅ አሸዋ ሞልቶ የወረደው ጎርፍ፣ ሰዎችን በተኙበት ደርሶባቸው ከ250 በላይ ነፍስ አጥፍቷል፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብም ቤት አልባ አድርጓል። ከዚያም በፊት በ1973 ዓ.ም. ይኸው ወንዝ የሰው ሕይወት ወስዶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በከተማው የወረደ ጎርፍ እንደዚሁ ሕይወት አጥፍቷል።

ይህን ማንሣታችን የቆየውን ኀዘን ለመቀስቀስ አይደለም። ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ፣ በመምጫው ላይ ምን ዓይነት ሥራ ሊሠራ እንደሚቻል፣ ይህንንም ሥራ የሚያግዙት ለትርፍ ያልቆሙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሠሩት ነገር ስለ ምን አንዳንድ ጊዜ እንደሚጸና፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ምን ድርጅቱ በሄደ ማግሥት እንደሚፈርስ ለማስረዳት ነው። ነገሩ የድሬዳዋን ሰው በቅርብ ይመለከታል፤ ነገር ግን ከተራራ በታች የተሠራ ከተማ ሁሉ የሚጋራው ነው።

ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በምድር ባቡር ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር እንዲወጣ የታሰበ ቢሆንም፣ ተራራው ለባቡር የሚቀመስ ሆኖ አልተገኘም፤ ስለዚህ ጣቢያው ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ተተከለ፤ ከተማውም በጣቢያው ዙሪያ በቀለ። ሜዳው ለቤትና ለመንገድ የተመቸ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሜዳ ራሱ ማን የሠራው እንደሆነ ቢጠየቅ፣ መልሱ ጎርፍ ነው። ደቻቱና ጎረቤቶቹ ወንዞች ለብዙ ሺህ ዓመታት ከላይ የሸረፉትን አፈርና አሸዋ እያወረዱ ያነጠፉት ምንጣፍ ነው። እንግዲህ ጎርፉ የከተማው እንግዳ አይደለም፤ ከከተማው በፊት የነበረ ባለ ርስት ነው ለማለት ይቻላል።

ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከደቡብ በኩል የሚታየው የደንገጎ ተራራና ተከታታዮቹ ከዚያ ወደ 1 ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣሉ። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወርደው በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ነው። ስለዚህ ከላይ የዘነበው ዝናብ ከከተማው እስኪደርስ ድረስ የሚፈጅበት ጊዜ አጭር ነው። በከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ሰማዩም ከዋክብቱን እያሳየ፣ ጎርፉ በድንገት ሊደርስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ አንባቢ አይሰልቹ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ ቢወርድ፣ 1 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ይሆናል። ይህን 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ብንሰፍረው 5 ሺህ በርሜል ነው። እንግዲህ በአንዲት ሌሊት 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ተራራ ላይ ወረደ እንበል። ድምሩ 25 ሚሊዮን በርሜል ነው። መሬቱ ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ፣ አፈሩም ጥልቅና ልል ከሆነ፣ ከዚህ ውሃ ብዙው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ የቀረውም በሥርና በቅጠል እየተያዘ ቀስ ብሎ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። መሬቱ የተራቆተና ድንጋዩ ያገጠጠ ከሆነ ግን፣ ውሃው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተንሸራትቶ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከወንዙ ይገባል። ሰው የሚገድለው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በአንዲት ሰዓት ውስጥ መድረሱ ነው።

ተራራው ስለ ምን ተራቆተ ቢባል፣ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው በገበሬው ላይ ነው። ይህ ፍርድ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ገበሬው ለማሽላ የሚሆን ጠፍጣፋ መሬት ስላነሰው ቀጥ ያለውን ገደል አርሷል፤ የቤተ ሰቡ ቁጥር ሲበዛ ማሳውን ለልጆቹ አከፋፍሏል፤ ፍየሎቹንም በዳገቱ ላይ ለቋል። እውነት ነው። ነገር ግን ዝናቡ ባልዘነበበት ዓመት እህል ሲያጣ የቆረጠው እንጨትና ያከሰለው ከሰል የተጫነው ወዴት ነበር? በአህያና በሴቶች ጀርባ ወደ ከተማ አይደለምን? የተራራው ዛፍ ብዙው የነደደው በከተማው ምድጃ ውስጥ ነው። ስለዚህ የላይኛውን ሰው ጥፋተኛ፣ የታችኛውን ሰው ተበዳይ አድርጎ መናገር አይገባም፤ ሁለቱ በአንድ ምድጃ ዙሪያ የተቀመጡ ናቸው።

ከ1998ቱ ጥፋት በኋላ በከተማው ውስጥ በወንዙ ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። የግንብ ሥራ አስፈላጊ ነው፤ ይህን የሚቃወም የለም። ይሁንና ግንብ ውሃውን ያቅፋል እንጂ አያሳንሰውም። ከዚህም በላይ ከላይ የሚወርደው አሸዋና ድንጋይ በየክረምቱ በወንዙ ወለል ላይ ሲከመር፣ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ባለ መጠን ግንቡ እያጠረ ይሄዳል። የግንቡ ዕድሜ እንኳ የሚወሰነው ከተራራው ላይ ነው ማለት ነው።

ወደ ተራራው እንውጣ። እዚያ የሚሠራው ሥራ በዓይን ሲታይ እጅግ ተራ ነገር ነው። በዳገቱ ላይ ድንጋይ በአግድም ይካባል፤ ይህ እርከን ነው። በእርከኖቹ መካከል ውሃ የሚይዙ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። ቦረቦር ባለበት ስፍራ ውሃው የሚሮጥበትን መንገድ በድንጋይ ክትር ደረጃ በደረጃ ይዘጉታል። እጅግ የተጎዳው ዳገት ከሰውና ከከብት ተከልሎ ይተዋል፤ ሣሩና ቁጥቋጦው በራሱ ጊዜ እንዲመለስ ነው። ከዚያም ችግኝ ይተከላል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ይገባል። ብዙ ሰው ውሃውን የሚይዘው ጉድጓዱ ይመስለዋል። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱና ጥልቀቱ ግማሽ ግማሽ ሜትር የሆነ ጉድጓድ የሚይዘው 750 ሊትር ነው። በ1 ሄክታር ላይ 100 ጉድጓድ ቢቆፈር 75 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ ይህም 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ዝናብ ማለት ነው። ቀደም ብለን ከጠቀስነው 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከ6 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ጉድጓዱ በሁለትና በሦስት ክረምት ደለል ይሞላዋል። እንግዲያስ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጉድጓዱ ለሣሩና ለችግኙ ሞግዚት ነው። በድርቁ ወራት እርጥበት ይሰጣቸዋል፤ አፈሩንም በስፍራው ያቆይላቸዋል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው በኋላ የሚያድገው ሥርና የሚጠነክረው አፈር ነው። ሞግዚቷ ልጁ ሳያድግ ከተባረረች ልጁ ይሞታል። የተራራ ሥራ ሁሉ ምሥጢር በዚህች ነጥብ ላይ ነው፤ ጉድጓዱን መቆፈር የአንድ በጋ ሥራ ሲሆን፣ መጠበቅና መጠገን ግን የ15 እና የ20 ዓመት ሥራ ነው።

ይህን ሥራ ከመንግሥት ጋር ሆነው በድሬዳዋ ዙሪያ ከደገፉት አንዱ፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዚያው በከተማው ያለው የሐረርጌ ካቶሊክ ሴክሬታሪያት ነው። ከካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስ ጋር በመተባበር በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎችና በምሥራቅ ሐረርጌ በምግብ ዋስትና፣ በመጠጥ ውሃና በመሬት ጥበቃ ሠርቷል። ሌሎችም አሉ። የሁሉንም ስም መዘርዘር ግን ለአንባቢ የሚጠቅም አይመስለኝም፤ አሠራራቸውን መረዳት ይበልጣል።

ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲባል ገንዘብ የሌለው ወይም ሠራተኛው ደመወዝ የማይበላ ማለት አይደለም። ከወጪ የተረፈውን ገንዘብ ባለቤቶች የማይካፈሉት፣ ወደ ዓላማው ብቻ የሚመልሰው ማለት ነው። በአገራችን እነዚህ ድርጅቶች በ2001 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 621 ይተዳደሩ ነበር፤ ያ ሕግ ጠበቅ ያለ በመሆኑ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ የሚቆጣጠረው የገንዘቡን አወጣጥ ነው፤ ካቡ ከአምስት ዓመት በኋላ ቆሞ መገኘቱን አይቆጣጠርም።

የድርጅቶቹ ገንዘብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ ሲሆን፣ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ተቈርጦ ነው። ለጋሹ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ ማወቅ ይፈልጋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ተብሎ ይጻፋል። እርከን ይቈጠራል፤ ጥገና ግን አይቈጠርም። የተተከለ ችግኝ ይቈጠራል፤ የጸደቀው ግን ብዙ ጊዜ አይቈጠርም። በዚህም ምክንያት ሠራተኛው ሳይወድ አሮጌውን ከመጠገን አዲስ ወደ መሥራት ይሳባል። እኔ ራሴ በመንገድ ስሄድ፣ የአንድ ድርጅት ስም የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ በቀለሙ ደምቆ ቆሞ፣ ከበስተኋላው ያለው ዳገት ግን አንድ ዛፍ የሌለው ሆኖ አይቻለሁ። ከችግኞቹ ይልቅ ሰሌዳው ጸድቋል።

ሁለተኛው ችግር የሚነሣው ከገበሬው ደመወዝ ነው። በኢትዮጵያ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ እርከን የሚሠራው ሰው በስንዴና በዘይት፣ ኋላም በጥሬ ገንዘብ ሲከፈለው ቆይቷል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት በሚባለው መርሐ ግብር ይህ አሠራር በሰፊው ተደራጅቷል፤ የድሬዳዋም ገጠር ከዚሁ ገብቷል። ሰው በርሃብ ጊዜ ጥሪቱን ሳይሸጥ እንዲያልፍ ማድረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ርሃብን የማያውቅ ብቻ ነው። ነገር ግን በክፍያ የተሠራ ካብ በገበሬው ልብ ውስጥ የማን ንብረት ይሆናል? አንዲት ድንጋይ ስትወድቅ «የድርጅቱ ካብ ፈረሰ» ከተባለ፣ ነገሩ አልቋል። «ካቤ ፈረሰ» የተባለ እንደ ሆነ ግን፣ ድንጋይዋ በዚያው ቀን ወደ ስፍራዋ ትመለሳለች።

«ካቤ» እንዲባል የሚያደርገው ምንድን ነው? ስብከት ብቻ አይደለም። ከተከለለው ዳገት የሚታጨደው ሣር የማን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ ሲታደልም ከታየ፣ ዳገቱ ጠባቂ ያገኛል። የቀበሌው ሰው ራሱ ደንብ አውጥቶ፣ ከብቱን ወደ ክልሉ ያስገባውን ራሱ ከቀጣ፣ ከውጭ የመጣ ጠባቂ አያስፈልግም። ለዚህ ደግሞ ሕዝቡ የቆየ ሥርዐት አለው። በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ ጉዛ የሚባለው የሥራ መረዳዳት፣ በሐረርና በድሬዳዋ ያለው አፎቻ፣ እንዲሁም ዕድር፣ ማንም ድርጅት ሳያቋቁማቸው የቆሙ ናቸው። አስተዋይ ድርጅት በእነዚህ ላይ ይሠራል፤ ያልተስተዋለ ግን በስሙ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ኮሚቴውም ከውሎ አበሉ ጋር አብሮ ያልቃል።

በድሬዳዋ ገጠር በለገዲኒ ቀበሌ የታየው ነገር በዚህ ረገድ ሊነገር የሚገባው ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የሐረርጌ ካቶሊክ ሴክሬታሪያትና ባልደረቦቹ ከውሃ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ በዚያ ያለው ሕዝብ ውሃን በእውነት ለምን ለምን እንደሚጠቀምበት አጠኑ። መሐንዲስ ውሃ ሲያወጣ «የመጠጥ ውሃ» ወይም «የመስኖ ውሃ» ብሎ ይለያል። የቤት እመቤት ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አታውቅም፤ ከአንዱ ውሃ ትጠጣለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ከብት ታጠጣለች፣ የተረፈውን ለጓሮ አትክልት ታፈሳለች። ከመጀመሪያው ለዚህ ሁሉ ታስቦ የተሠራ ውሃ ለገበሬው ገቢ ያስገኛል፤ ገቢ የሚያስገኘውንም ነገር ገበሬው ቢበላሽበት ይጠግነዋል። ጤና ብቻ የሚሰጠውን ውሃ ለመጠገን ግን ገንዘቡን ከየት ያመጣል?

የተራራ ሥራ ሊጸና እንደሚችል የሚያሳይ ምስክር ከሌላው የአገራችን ክፍል እንጥቀስ። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ሰዎች የተራቆተውን አካባቢያቸውን በእርከን፣ በክልልና በውሃ ማቆር ሥራ መልሰው አልምተው፣ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ድርጅት የሚያስተባብረውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል። በዚያ ድርጅቶችም መንግሥትም ረድተዋል። ነገር ግን ውሃው በሕዝቡ የጉድጓድ ውሃ ከፍታ ላይ ስለ ታየ፣ ከጉድጓዱም አትክልት ስለ በቀለ፣ ሕዝቡ ሥራውን አልተወውም።

ለድሬዳዋም የከርሰ ምድር ውሃ ነገር ትልቅ ምሥጢር ነው። ከተማው የሚጠጣው ከሳቢያንና ከሌሎች ስፍራዎች በጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው። ያ ውሃ ከየት መጣ ቢባል፣ ያው ከተራራው ነው። ከላይ የዘነበው ሲሮጥ ጎርፍ ይሆናል፤ ሲሰርግ የመጠጥ ውሃ ይሆናል። አንዱ ውሃ ነው፤ የሚለየው የዳገቱ ልብስ ነው። ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው፣ ከተራራው በላይ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ይበቃዋል። ሐይቁ ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ ነበር፤ በደለልና በመስኖ ብዛት ተጎድቶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት መልሶ ውሃ መያዝ ቢጀምርም፣ ሐረር ከዚያ ወዲህ ውሃ ያስመጣችው ከታች ከድሬዳዋ በኩል ከሚወጡ ጉድጓዶች፣ ተራራውን ሽቅብ በሚገፋ ቧንቧ ነው። እንግዲህ ሁለት ከተሞች ጽዋቸውን ወደ አንድ የውሃ ጓዳ ዘርግተዋል።

ይህን ካልን፣ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የተራራው ገበሬ እርከኑን ቢጠግን፣ ከብቱን ከዳገቱ ቢያግድ፣ ጥቅሙ ብዙው የሚሄደው ወደ ከተማው ሰው ነው፤ ድካሙ ግን በሙሉ የእርሱ ነው። ታዲያ ከተማው ለገበሬው የሚከፍለው ምንድን ነው? እስከ አሁን ይህን ክፍያ በከተማው ፈንታ ሲከፍል የቆየው ከባሕር ማዶ ያለ ለጋሽ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው ለደቻቱ ዳርቻ ነዋሪ ሲል ለተራራው ገበሬ ስንዴ ይልካል፤ ከታች ያለው ግን ከላይ ያለውን አያውቀውም። ዘላቂ ልማት የሚለው ስም ስለ ዛፍ ብቻ ሲነገር እንሰማለን፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን በድሬዳዋ ያለው የዘላቂነት ጥያቄ፣ ለጋሹ በሄደ ጊዜ የእርሱን ስፍራ ማን ይይዛል የሚለው ነው።

ይህ ከንቱ ምኞት አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ እንደዚሁ ውሃዋን የምታገኘው ከተራራ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓመት ከተማዋ ፎናግ የሚባል የውሃ ጥበቃ ገንዘብ አቋቋመች። ሥራውን ለመጀመር አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አግዟል። የከተማው የውሃ መሥሪያ ቤት ከውሃ ሽያጩ 2 በመቶ ለዚህ ገንዘብ ይሰጣል። ዋናው ገንዘብ ተቀምጦ፣ ወለዱና ትርፉ ተራራውን ለመጠበቅና በዚያ ያሉትን ሰዎች ለመርዳት ይውላል። ድሬዳዋ ኪቶ አይደለችም፤ የሕዝቧ ኑሮም ሌላ ነው። ነገር ግን ከአንድ በርሜል ውሃ ዋጋ ላይ ጥቂት ሳንቲም ተቀንሶ ለእርከን ጥገና ቢውል፣ ወይም የከተማው ዕድሮችና አፎቻዎች ከአንድ የተራራ ቀበሌ ጋር ቢተዋወቁ፣ ለማሰብ የሚከብድ ነገር አይደለም። ዕድር የተቋቋመው ሰው ሲሞት ለመቅበር ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ግን ዕድሮቹ በአንድ ሳምንት የቀበሩትን ያውቃሉ።

ክቡር አንባቢ ምናልባት ከእነዚህ ድርጅቶች ለአንዱ ገንዘብ እንዲሰጡ ይጠየቁ ይሆናል፤ ወይም ከመካከላችሁ በድርጅቱ ተቀጥሮ የሚሠራ ይኖራል። ያን ጊዜ ስንት ችግኝ ተከላችሁ ብለው አይጠይቁ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የተከላችሁት ስንቱ አለ ብለው ይጠይቁ። የሣሩ ባለቤት ማነው ብለው ይጠይቁ። ክልሉን የጣሰ ሰው ባለፈው ዓመት በማን ተቀጣ፣ ቅጣቱስ የት ገባ ብለው ይጠይቁ። ለእነዚህ ሦስቱ መልስ ያለው ድርጅት፣ ሰሌዳው ትንሽ ቢሆንም ሥራው ትልቅ ነው።

የእርከን መጠገኛው ወራት በጋ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር ካቡ መነሣት፣ ጉድጓዱም ከደለሉ መጠረግ አለበት። በጥር ወይም በየካቲት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው፣ መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወጣ፣ በመስኮቱ ወደ ዳገቱ ይመልከት። በካቡ መካከል ፀሐይ ያልመታው አዲስ ድንጋይ ገብቶ ካየ፣ በዚያ ዳገት ላይ ባለቤት አለ። ጉድጓዱ አፉ ድረስ ደለል ሞልቶት፣ ፍየሎችም በካቡ ላይ ሲረማመዱ ካየ፣ የዚያ ዳገት ውሃ በመጪው ክረምት የሚያልፈው በከዚራና በመጋላ መካከል ነው።